ዋጋ ያልተለጠፈበት አገልግሎት፦ የጎይንካ ቪፓሳና ማዕከላት አሠራር ሲገመገም

በሳትያ ናራያን ጎይንካ ስም የሚታወቀው የቪፓሳና (የሰውነትን ስሜት በጽሞና የመመልከት የቡድሂስት ልምምድ) ሜዲቴሽን የአስር ቀን ኮርስ በልዩ ልዩ አህጉራት በሚገኙ ከ200 በላይ ማዕከላት ይሰጣል። የቀኑ ሰሌዳ፣ ደንቡና የሚያስተምረው ድምፅ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ለትምህርቱም ሆነ ለመኝታውና ለምግቡ የሚከፈል ዋጋ የለም። ስለ ኮርሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የተሳታፊውን የውስጥ ተሞክሮ የሚተርክ ሲሆን፣ ጉልበቱ እንዴት እንዳመመው፣ በስንተኛው ቀን እንዳለቀሰና ሲወጣ ዓለም እንዴት ሆና እንደታየችው ይነግረናል። ይህ ግምገማ ሌላውን ወገን ይመለከታል፤ ማኅበረሰቡ ራሱን እንዴት እንደሚያደራጅ፣ ገንዘቡ ከየት መጥቶ በምን ላይ እንደሚውል፣ ምግቡን ማን እንደሚያበስል፣ ተማሪ ሲታመም ወይም ሲረበሽ ማን እንደሚይዘው ይመረምራል። አገልግሎቱን በተማሪነትም በወጥ ቤት አገልጋይነትም ስላየሁት ፍርዴ ከሁለቱም ወገን የተቀዳ ነው። አደረጃጀቱ ከማውቃቸው መንፈሳዊ ተቋማት ሁሉ የበለጠ የታሰበበት ነው፤ ለሰው የሚያደርገው እንክብካቤ ግን እስከ አንድ ድንበር ድረስ እጅግ ጥሩ ሆኖ ከዚያ ድንበር ወዲያ ድንገት ይቆማል፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የመጡ ይመስለኛል።

የአሠራሩን ጠባይ ለመረዳት የመሥራቾቹን ሙያ ማወቅ ይጠቅማል። የጎይንካ መምህር ሳያጂ ኡ ባ ኪን መነኩሴ አልነበሩም፤ በርማ እ.ኤ.አ. በ1948 (በዚህ ግምገማ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ነፃነቷን ስትቀዳጅ የአገሪቱ ዋና የሂሳብ ሹም የሆኑ የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። በመሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ለበታች ሠራተኞቻቸው ሜዲቴሽን ያስተምሩ ነበር፤ በ1952ም ራንጉን ላይ ዓለም አቀፍ የሜዲቴሽን ማዕከልን አቋቋሙ። ጎይንካ ደግሞ በ1924 በማንዳሌይ ከተማ ከሕንዳውያን ቤተሰብ የተወለዱ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ወደ ኡ ባ ኪን የሄዱት ሐኪም ያልፈታላቸውን ከባድ ራስ ምታት ይዘው ነው፤ መምህሩም ፍላጎታቸው የራስ ምታት ማስታገሻ ብቻ ከሆነ እንደማይቀበሏቸው እንደነገሯቸው ጎይንካ ራሳቸው ይተርኩት ነበር። በ1969 ወደ ሕንድ ሄደው ቦምቤይ ላይ ለወላጆቻቸውና ለጥቂት ሰዎች የመጀመሪያውን ኮርስ ሰጡ፤ በ1976 በማሃራሽትራ ግዛት ኢጋትፑሪ በምትባል ከተማ ዳማ ጊሪ የተሰኘው ዋና ማዕከል ተመሠረተ፤ በ1982 ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው ማዕከል ዳማ ዳራ በማሳቹሴትስ ሼልበርን ተከፈተ። የሂሳብ ሹምና ነጋዴ የዘረጉት ሥርዓት መሆኑን በየዝርዝሩ ማየት ይቻላል። እያንዳንዱ ማዕከል በአካባቢው ሕግ የተመዘገበ፣ ለትርፍ ያልቆመና በበጎ ፈቃደኛ ባለአደራዎች የሚመራ ድርጅት ነው፤ ሥራው ለማንም ሰው ስሜትና ትዝታ አልተተወም፤ እያንዳንዱ ነገር የተጻፈ ደንብ አለው። ይህ አደረጃጀት ምን ያህል መሸከም እንደሚችል የታየው በ1994 ሲሆን፣ ዴልሂ በሚገኘው የቲሃር ወህኒ ቤት፣ ኪራን ቤዲ የወህኒ ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞች በአንድ ጊዜ ኮርሱን ወስደዋል።

የገንዘቡ አሠራር በአንድ ደንብ ላይ ቆሟል፤ መዋጮ የሚቀበሉት ቢያንስ አንድ ሙሉ ኮርስ ጨርሶ ከወጣ ሰው ብቻ ነው። ኮርስ ያልወሰደ ሰው ምንም ያህል ባለጸጋ ቢሆን ልስጥ ቢል አይቀበሉትም። ስለዚህ ዛሬ ገብቶ የሚቀመጠው ሰው የሚበላው ከእርሱ በፊት ተቀምጠው የሄዱት የተዉለትን ነው፤ እርሱም ጨርሶ ከሰጠ የሚሰጠው ቀጥሎ ለሚመጣው ነው። በእድር ሰው ለዓመታት ከፍሎ ችግር ሲደርስበት እርዳታ ያገኛል፤ እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ እርዳታው ይቀድምና ክፍያው፣ ያውም ከተፈለገ ብቻ፣ ይከተላል። ይህ አሠራር ቸርነት ብቻ አይደለም፤ የማኅበረሰቡን ጤንነት የሚጠብቅ ብልሃት ነው። አገልግሎቱን ሳያውቅ ብዙ ገንዘብ ሰጥቶ በምላሹ ቃሉ እንዲሰማ የሚፈልግ ለጋሽ ከበሩ ይመለሳል። ተማሪውም ከፍያለሁና ይህ ይገባኛል ሊል አይችልም፤ ክፍሉ ጠባብ፣ አልጋው ጠንካራ፣ ጎረቤቱ የሚያንኮራፋ ቢሆን የሚያቀርበው ደረሰኝ የለውም። በሌላ በኩል ማዕከሉ ተማሪውን ለማስደሰትና ደንበኛ አድርጎ ለማቆየት የሚያነሳሳው ጥቅም የለውም፤ በእኔ ግምት በሌሎች የሜዲቴሽን ተቋማት ዘንድ የሚታየው ማባበል እዚህ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

መምህራኑና ረዳት መምህራኑ ክፍያ አይቀበሉም፤ መተዳደሪያቸው ከሌላ ሥራ መምጣት አለበት። ይህም ንጽሕናው የሚመሰገን ሆኖ የራሱ መዘዝ አለው። በየዓመቱ ለሳምንታት ከሥራው ርቆ በነፃ ማስተማር የሚችለው ጡረታ የወጣ፣ ወይም ሀብቱ የተደላደለ፣ ወይም ቤተሰብ የማያስተዳድር ሰው ነው። ሁለት ሥራ ይዞ ልጆች የሚያሳድግ የታክሲ ሾፌር ተማሪ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ መምህር ሆኖ ግን ሊታይ የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው። በንጽጽር ለማየት ያህል፣ በዚያው በማሳቹሴትስ ባሬ የሚገኘውና በ1975 የተመሠረተው ኢንሳይት ሜዲቴሽን ሶሳይቲ ለመኝታና ለምግብ እንደ አቅም የሚለያይ ክፍያ ያስከፍላል፤ ለመምህራኑ ደግሞ ተማሪው በኮርሱ ማብቂያ በፈቃዱ ይሰጣል። ከመሥራቾቹ መካከል ጆሴፍ ጎልድስታይንና ሻሮን ሳልዝበርግ በወጣትነታቸው ሕንድ ውስጥ በጎይንካ ኮርሶች የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱ ምንጭ ሁለት የተለያዩ የገንዘብ ሥርዓቶችን እንዳፈለቀ ማስተዋል ይቻላል። የባሬው ሥርዓት መምህራን በሙያው እንዲኖሩ ያስችላል፤ የጎይንካው ደግሞ ገንዘብ ከበሩ ውጭ እንዲቆይ ያደርጋል።

ቀኑ እንዴት እንደሚውል ሳይታወቅ አገልጋዮቹ የሚሸከሙትን ማወቅ አይቻልም። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወል ይደወላል፤ ከ10፡30 እስከ 12፡30 በአዳራሽ ወይም በክፍል መቀመጥ ነው፤ ከዚያ ቁርስና እረፍት ይከተላል። ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 8፡30 እስከ 9፡30 እና ከ12 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሁሉም በአዳራሽ ተሰብስቦ የሚቀመጥባቸው ሦስት ግዴታ ያላቸው ሰዓታት ናቸው። ምሳ በ5 ሰዓት ይቀርባል፤ በ11 ሰዓት ለአዲስ ተማሪዎች ፍራፍሬና ሻይ ሲኖር፣ ነባር ተማሪዎች ከቀትር በኋላ ስለማይበሉ በሎሚ ውኃ ወይም በመሰል መጠጥ ያልፋሉ። ምሽት ላይ የጎይንካ ትምህርት በቪዲዮ ይታያል፤ ከምሽቱ 3፡30 መብራት ይጠፋል። በጠቅላላው ወደ አስር ሰዓት የሚጠጋ መቀመጥ ነው። ስልክ፣ መጽሐፍና መጻፊያ የለም፤ እስከ አስረኛው ቀን ማለዳ ድረስም ተማሪዎች እርስ በርሳቸው በቃልም በምልክትም በዓይንም አይነጋገሩም።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት አገልጋዮች ቢያንስ አንድ ኮርስ የጨረሱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደወሉን መደወል፣ አትክልት መክተፍ፣ ሩዝና ምስር መቀቀል፣ መጸዳጃ ቤት ማጽዳት፣ የተማሪ ስም ዝርዝር ይዞ በአዳራሹ በር መቆም ሁሉ የእነርሱ ድርሻ ነው። በትልልቆቹ ማዕከላት ከመቶ በላይ ለሚሆን ሕዝብ በቀን ሁለት ማዕድ የሚያቀርበው ቡድን፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ለብዙ ሰው አብስሎ የማያውቅ፣ እርስ በርሱም የማይተዋወቅ ነው። ሥራው የሚሳካው በየቀኑ የሚበስለው ምግብ አስቀድሞ ተወስኖ፣ መጠኑና አሠራሩ ተጽፎ ስለሚጠብቅ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ የሚታወቅ ምሥጢር እንዳይኖር ተደርጎ የተደራጀ ወጥ ቤት ነው፤ ዋናው አብሳይ ነገ ቢሄድ ከነገ ወዲያ የሚመጣው ወረቀቱን አንብቦ ይቀጥላል። በዚህ በኩል ከብዙ ምግብ ቤቶች የተሻለ ሥርዓት አይቻለሁ፤ ጣዕሙን በተመለከተ ግን ሚጥሚጣና በርበሬ የለመደ ምላስ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት አገልጋዩ ራሱ እንዳይደርቅ የተደረገው ጥንቃቄ ነው። በሦስቱ የጋራ ሰዓታት ወጥ ቤቱ ሥራ አቁሞ አገልጋዮች ከተማሪዎቹ ጋር አዳራሽ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ድስት እሳት ላይ ከሆነ ተራ ያወጣሉ። መግደል፣ መስረቅ፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ውሸትና አስካሪ ነገርን የሚከለክሉት አምስት ሕጎች አገልጋዩንም እንደ ተማሪው ያስሩታል። ንግግር የሚፈቀደው ለሥራ በሚያስፈልገው መጠን ነው፤ በተግባር ግን ድካም ሲበዛ ወሬም ይበዛል፣ ይህን ማንም ወጥ ቤት ያየ ሰው ይገምተዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ተማሪዎቹ ወደ መኝታቸው ሲያመሩ፣ አገልጋዮች ከመምህሩ ጋር ለጥቂት ደቂቃዎች ይሰበሰባሉ፤ የቀኑን ሥራ ያነሣሉ፣ ችግር ያለው ይናገራል፣ ከዚያም ሜታ የሚባለውን፣ ለሁሉም ፍጡር መልካም የመመኘት ልምምድ አድርገው ይለያያሉ። በዚህ አጭር ስብሰባ ቀን የተፈጠረ ቅያሜ ሳያድር ይነሣል። በፈቃደኝነት በቆሙ ማኅበራት ዘንድ ሰው ሲያገለግል አገልግሎ ተንገሽግሾ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰዓት ስለሌለው ነው።

ቅያሜው ከአንድ ቀን ያለፈ ሲሆን ግን መንገዱ ያጥራል። ደንቡ አገልጋዩ በማዕከሉ ኃላፊዎች መመሪያ እንዲሠራ፣ ልዩነት ሲኖር በአክብሮት እንዲያቀርብና ውሳኔውን እንዲቀበል ይጠብቃል። የቬትናሙ መነኩሴ ቲክ ንያት ሃን በ1982 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በመሠረቱት በፕለም ቪሌጅ ማኅበረሰብ ዘንድ ለዚህ ሌላ ባህል አለ፤ የተቀያየሙ ሰዎች አስቀድመው አንዱ የሌላውን መልካም ሥራ የሚያነሣበት፣ ቀጥሎ የራሱን ጥፋት የሚናገርበት፣ ከዚያም የተጎዳበትን የሚገልጽበት የታወቀ ሥርዓት አላቸው። የጎይንካ ማዕከላት ሰው ለአስር ቀን መጥቶ የሚሄድባቸው በመሆናቸው እንዲህ ያለ ሥርዓት አያስፈልጋቸውም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ለወራት የሚቀመጡ አገልጋዮችና ለዓመታት የሚሠሩ ባለአደራዎች ያሉበት ቤት ነው። ያለ ሥርዓቱ የሚቀረው መታዘዝ ነው፤ መታዘዝ ደግሞ ሥራን ያቀላጥፋል እንጂ ቅሬታን አይፈታም።

ለተማሪው የተዘረጋው የእንክብካቤ መስመር ሁለት እጅ አለው። ወንዶችና ሴቶች በመኝታም፣ በመመገቢያም፣ በመንሸራሸሪያም ስለሚለያዩ ለእያንዳንዱ ወገን አስተባባሪ ይመደባል፤ ብርድ ልብስ የሚፈልግ፣ ሆዱን ያመመው፣ መድኃኒቱ ያለቀበት ለአስተባባሪው ይናገራል። የሜዲቴሽን ጥያቄ ያለው ደግሞ ከቀትር በኋላ ባለው የእረፍት ሰዓት ተመዝግቦ መምህሩን ለብቻው ለጥቂት ደቂቃ ያነጋግራል፤ ማታም በአዳራሽ መጠየቅ ይችላል። አስተባባሪው በግዴታው ሰዓት ማን እንደቀረ ስለሚያይ፣ ከአዳራሽ የቀረ ሰው ሳይጠየቅ አይውልም። ዝምታው ራሱ ከሩቅ ሲታይ ጭካኔ ይመስላል፤ ሰው ለመምሰል፣ ለመሳቅና ለመተዋወቅ ከሚያወጣው ጉልበት ስለሚያሳርፍ ግን በሦስተኛው ቀን አካባቢ ዕረፍት ሆኖ የሚገኝ ነው። አካላዊ ምቾትን በተመለከተም፣ ወለል ላይ መቀመጥ የማይችል ወንበር ይሰጠዋል፤ ትራስና ድጋፍ አለ፤ ለዚህ ማንም አይሳለቅም።

ድንበሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማዕከላቱ በደንባቸው ውስጥ ባለሙያ ያልሆነ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት መሆናቸውን፣ ስለዚህም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው በአግባቡ መንከባከብ እንደማይችሉ በግልጽ ይጽፋሉ፤ በማመልከቻው ቅጽም ስለ አእምሮ ጤንነት፣ ስለሚወሰድ መድኃኒትና ስለ ሱስ ይጠይቃሉ። ግልጽነቱ ይመሰገናል። ችግሩ ከዚህ በፊት ታሞ የማያውቅ ሰውም በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ሊታወክ መቻሉ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እስትንፋስን የመመልከቻ ናቸው፤ በአራተኛው ቀን ቪፓሳና ከተሰጠ በኋላ ተማሪው በሦስቱ የጋራ ሰዓታት እጁንና እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ዓይኑንም ሳይገልጥ ለመቀመጥ እንዲወስን ይጠየቃል። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ዊሎቢ ብሪተንና ጃሬድ ሊንዳል በ2017 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት፣ በምዕራቡ ዓለም በቡድሂስት ወግ የሚለማመዱ ሰዎች ከፍርሃት፣ ከእንቅልፍ እጦትና ከማንነት መናጋት ጋር የተያያዙ አስቸጋሪ ተሞክሮዎችን እንደሚያልፉ መዝግቧል። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ፋይናንሺያል ታይምስ ጋዜጣ ባቀረበው ተከታታይ የድምፅ ዝግጅት፣ ከእነዚሁ የአስር ቀን ኮርሶች በኋላ ለከባድ የአእምሮ ቀውስ የተዳረጉ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን አነጋግሯል። ብዙ ሰው በሰላም ገብቶ በሰላም መውጣቱ እውነት ነው፤ የተጎዱት ቁጥር ማነሱ ግን ለተጎዳው ቤተሰብ መልስ አይሆንም።

ጎይንካ ኮርሱን በአእምሮ ላይ ከሚደረግ ጥልቅ ቀዶ ሕክምና ጋር ያመሳስሉት ነበር፤ መሀል ላይ አቋርጦ መውጣት አደገኛ ነው የሚለው ማሳሰቢያም ከዚህ ይመነጫል። ልሂድ የሚለውን ተማሪ እስከ መጨረሻው እንዲቆይ ማግባባት በዚህ ቤት የተለመደ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው የሁለተኛውና የስድስተኛው ቀን ማቅማማት አልፎ የሚሄድ በመሆኑ ምክሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ለጥቂቶች ግን ትክክል አይደለም፤ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱን ከብዙኃኑ መለየት ደግሞ ሙያ ይጠይቃል። ቀዶ ሕክምና ነው ካልን፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝ የሚያይ ሐኪምና ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ እንዴት ነዎት የሚል ሰው ሊኖር ይገባል። በቡድሂስት መነኮሳት ሥርዓት መጻሕፍት ውስጥ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ ቡድሃ ከደቀ መዝሙራቸው ከአናንዳ ጋር ሲያልፉ በተቅማጥ ታሞ በራሱ ቆሻሻ ላይ የወደቀ፣ ለባልንጀሮቹ የማይጠቅም ስለሆነ ማንም ያላስታመመው መነኩሴ አገኙ፤ ራሳቸው አጥበው አልጋ ላይ አስተኙት፣ ከዚያም መነኮሳቱን ሰብስበው አባትና እናት አጠገባችሁ የሉምና እርስ በርሳችሁ ካልተንከባከባችሁ ማን ይንከባከባችኋል ብለው ገሠጿቸው። ማኅበረሰቡ የሚመካው በዚህ ወግ ከሆነ፣ በየኮርሱ ሊጠራ የሚችል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማዘጋጀትና የተረበሸ ተማሪን ከተመለሰ በኋላ በተጻፈ ሥርዓት መከታተል ከአቅሙ በላይ አይደለም። ሩዝ እንዴት እንደሚቀቀል የጻፈ ድርጅት ይህንም መጻፍ ይችላል።

የሚያስተምሩት ጎይንካ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 ሙምባይ ውስጥ አርፈዋል። የዕለት መመሪያው አስቀድሞም በድምፅ ቅጂ፣ የምሽቱ ትምህርት በቪዲዮ ይሰጥ ስለነበር ሞታቸው የኮርሱን መልክ አልለወጠውም፤ በእርሳቸው ቦታ የተቀመጠ አንድ ተተኪም የለም። ከፊት የሚቀመጠው መምህር ቅጂውን ያጫውታል፣ ጥያቄ ይመልሳል። የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በብዙ የሜዲቴሽን ማኅበራት የታየው፣ መምህሩ ራሱ ተመላኪ እየሆነ ሥልጣኑን ያለአግባብ የሚጠቀምበት ዕድል እዚህ ይጠብባል። ጉዳቱም ግልጽ ነው፤ ከዓመታት በፊት የተቀዳ ድምፅ ፊቱ የተቀመጠው ሰው የቅርብ ሐዘንተኛ ይሁን ከጦርነት የሸሸ ስደተኛ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር ለመምህሩ በቀትር ሰዓት መናገር የተማሪው ፋንታ ነው፤ ሥቃዩን አምቆ መያዝ የለመደ ሰው ደግሞ አይናገርም። የጦርነት ወይም የእስር ትዝታ ያለበት አንባቢ ይህን በቅጹ ላይ ሳይደብቅ መጻፍና አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት።

የአማርኛ አንባቢ ከማመልከቱ በፊት በደንብ ሊያጤነው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ማዕከላቱ ዘዴው የየትኛውም ሃይማኖት እንዳልሆነ፣ ሃይማኖት መለወጥም እንደማይጠየቅ ይገልጻሉ፤ ሆኖም በኮርሱ ቀናት ጸሎት፣ አምልኮ፣ ጾም፣ መቁጠሪያ መቁጠርና ዕጣን ማጠን ሁሉ እንዲቋረጡ ይጠይቃሉ፤ መቁጠሪያና የመሳሰለው ከቤት እንዳይመጣ፣ ከመጣም ለአስተባባሪ እንዲሰጥ ይደነግጋሉ። ለኦርቶዶክስ ጾመኛ ምግቡ ሥጋ የሌለበት መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ወተትና ቅቤ ይኖራል፤ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት መቆየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ምሳው በ5 ሰዓት ተነሥቶ ከዚያ ወዲያ ፍራፍሬና ሻይ ብቻ ስለሚቀር ከሰሌዳው ጋር ይጋጫል። ሙስሊም አንባቢ አምስቱን የሶላት ወቅቶች ለአስር ቀን ማቆም ይኖርበታል፤ በረመዳን ወር ደግሞ ፈጽሞ የማይሆን ነው። በመክፈቻው ምሽት በፓሊ ቋንቋ በቡድሃ፣ በዳማ (በትምህርቱ) እና በሳንጋ (በማኅበሩ) የመጠጊያ ቃል ይባላል፤ በምሽቱ ትምህርትም ስለ ዳግም መወለድ ይነሣል። በእኔ አመለካከት ይህ የተለመደው የቡድሂዝም ትምህርት ነው፤ ሃይማኖት የለበትም የሚለው አቀራረብ እንግዳውን እንዳያስደነግጥ የተመረጠ ይመስለኛል፤ ማዕከላቱ ይህን በመግቢያው ላይ በቀጥታ ቢናገሩት ይሻል ነበር። በደብረ ሊባኖስ ወይም በዋልድባ ሱባኤ የያዘ ሰው እንግዳ ማረፊያ ውስጥ በእንግድነት እንደማይቀመጥ ሁሉ፣ እዚህም የቤቱን ሕግ ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ መግባት ወይም አለመግባት ነው ያለው። የአንገት ማተብን የመሰለ ጉዳይ ሲኖር ከመሄድ በፊት ለማዕከሉ ጽፎ መጠየቅ ይበጃል፤ መቁጠሪያ ደብቆ ይዞ መግባት ግን ለራስም ለቤቱም አይጠቅምም።

ኮርሱ ካለቀ በኋላ ያለው ግንኙነት ቀጭን ነው፣ ግን አይቋረጥም። ነባር ተማሪ የሆነ ሰው ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት እንዲቀመጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ኮርስ እንዲመለስ ይመከራል፤ በብዙ ከተሞች በሳምንት አንድ ቀን በግለሰቦች ቤት ወይም በተከራዩት ክፍል የሚደረግ የአንድ ሰዓት የጋራ መቀመጥ አለ፤ የአንድ ቀንና የሦስት ቀን ኮርሶችም አሉ። ለቆዩት ደግሞ የ20፣ የ30፣ የ45ና የ60 ቀን ኮርሶች ይከፈታሉ፤ ለእነዚህ መግቢያ ግን ሌላ የሜዲቴሽን ዘዴ ሳይደባልቁ በዚሁ መቆየት ይጠየቃል። ይህ ጥብቅነት ዘዴውን ከመበረዝ ይጠብቀዋል፤ ማኅበረሰቡን ግን ጠባብ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ሌላም ቦታ የቀመሰ፣ ንጽጽር ያለውና ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ቀስ በቀስ ከአገልግሎቱ ይርቃል። በሳምንታዊው ስብሰባ ላይም ሰው መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ብዙ ሳይነጋገር ይሄዳል፤ ከቡና ጋር የሚያያዝ ማኅበር የለመደ ሐበሻ ይህ ይበርደዋል።

ለማን እንደሚሆን ልናገር። ጤናው የተስተካከለ፣ ብቸኝነትን የማይፈራ፣ ጥብቅ ሰሌዳ የሚያሳርፈው፣ ለአስር ቀናት የራሱን ጸሎት ለማቆም ኅሊናው የሚፈቅድለትና ሙሉውን ጊዜ ሊቆይ የሚችል ሰው በዚህ አገልግሎት ይጠቀማል፤ ከጨረሰም በኋላ ከመዋጮ ይልቅ አንድ ኮርስ ቢያገለግል ማኅበረሰቡን በእውነት የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። የድብርት፣ የከባድ ጭንቀት ወይም የመንፈስ መታወክ ታሪክ ያለበት፣ ወይም በቅርቡ ከባድ ሐዘን የደረሰበት ሰው በዚህ እንዲጀምር አልመክርም፤ እንደ ባሬው ያለ፣ መምህሩ በአካል ተገኝቶ የሚያስተምርበትና አጫጭር ቀናት ያሉት ቦታ፣ ከፍሎም ቢሆን፣ ይሻለዋል። ማዕከሉ ሩቅ ለሆነበትና ሥራ ለሚበዛበት ሰው ደግሞ የአስር ቀኑን ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት በአካባቢው የሚገኝ ሌላ የሜዲቴሽን ቡድን ዘንድ ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ ቢሞክር፣ ያንን ሰዓት በስንት እንደሚያባዛው መገመት ይችላል።